እማዬ፣ የአባዬን ቁስል ሸፍነነዋል

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር የሚመልስልኝ የለም፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ከዚህ በፊት ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አንቺ ሁልጊዜ ቤት ነበርሽ፤ ሆስፒታል ከተኛሽበት ጊዜ በቀር ከኮልፌ ወጥተሽ ያደርሽበትን ቀን አላስታውስም።

ቤቱ ያው ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ክረምት ላይ ድስትና ባልዲ መደርደር ቀርቷል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አሁንም ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ዶሮዎቻቸውም ከእሳቸው ተምረው ሳያንኳኩ ይገባሉ። ከቆሼ በኩል ነፋስ ሲመጣ መስኮቱን የምዘጋው እኔ ነኝ፣ አንቺን ያህል ግን አልቀድመውም፤ ሽታው ከገባ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። መጋረጃዎቹን አጥቤ መልሼ ሰቅያቸዋለሁ። የአባዬ የስፌት መኪናም መንገድ ዳሩ ክፍል ውስጥ እንደነበረ አለ፤ ግን አንሶላ ለብሶ ከተቀመጠ ቆይቷል።

የአባዬ እግር ቆስሏል፣ እማዬ።

አትደንግጪ ልልሽ ነበር፣ ተውኩት። እኔ ስደነግጥ ከርሜ አንቺን አትደንግጪ ማለት አያምርብኝም።

የተጀመረው በሙት ዓመትሽ ዕለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ መሄድ እንደሌለበት ሐኪሞች ደጋግመው ነግረውታል፤ አልጋው ሥር ነጠላ ጫማ የምታስቀምጪለት አንቺ ስለነበርሽ ታውቂዋለሽ። የዚያን ዕለት ግን ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ በካልሲ ብቻ ሄደ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ «ለእሷ ጸሎት እያስደረግኩ ጫማ ልጎትት?» አለኝ። መቃብርሽ ዘንድ ቆመን፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ከሰዉ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። እንግዶች ተቀምጠው እኔ ስወጣ ስገባ ሲሚንቶው ላይ ጠብታ አየሁ። ወጥ የፈሰሰ መስሎኝ ጠረግኩት። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ጎንበስ ብዬ እየጠረግኩ ስከተለው አባዬ ወንበር ሥር ደረስኩ። ካልሲው በደም ርሷል፤ እሱ ስለ አንቺ እያወራ ሰዉን ያስቃል።

ከእግሩ ሥር የጠርሙስ ስባሪ አወጣሁለት። «አላመመኝም እኮ!» አለ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። እንግዶቹም ተመስገን አሉ። እኔ የፈራሁት ግን ያኔ ነው። ጠርሙስ ተሰክቶበት ያንን ሁሉ መንገድ የሄደ እግር ካላመመው፣ ምን ሲደርስበት ነው የሚናገረው?

ከዚያ ወዲህ አልዘጋ አለ። ቀኝ እግሩ ላይ ነው፣ መርገጫው ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር። ትልቅ አይደለም፤ የኮት ቁልፍ ቢያክል ነው። ጠርዙ ግን ነጥቶ፣ እንደ አሮጌ ኮሌታ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሏል። አንድ ቀን የጠበበ ይመስለኛል፣ በማግስቱ የሰፋ ይመስለኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አየዋለሁ፤ ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አየዋለሁ። ማሽተት ሁሉ ጀምሬያለሁ። ወተት ተበላሽቶ እንደሆነ እንደሚሸተተው የአባቴን እግር አሸታለሁ። እሱ «ውሻ ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ይስቅብኛል። እኔ አልስቅም።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ቀሪው አይገባሽም። በሕይወት እያለሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አንድም ቀን በደንብ ሳላስረዳሽ ቀረሁና አንቺም በመጨረሻ ለሰው «ልጄ ሐኪም ናት፣ ሰው ግን አታክምም» ማለት ጀመርሽ። ሰዉ ግራ ሲጋባ ደስ ይልሽ ነበር።

ላብራቶሪ ውስጥ ሴል እናሳድጋለን። ቆዳችንን፣ የአፋችንንና የአንጀታችንን ውስጥ የሚሸፍኑት ሴሎች ብቻቸውን አይኖሩም። ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ከሥራቸው ያለውን ወለል ጨብጠው፣ እንደ አንድ ጨርቅ ሆነው ይኖራሉ። በትንሽ ክብ ሳህን ላይ ሞልተው ሲጋጠሙ በቀጭን የፕላስቲክ ጫፍ መሃሉን እጭረዋለሁ። ቁስል ሠራሁ ማለት ነው። ከዚያ ሳህኑን የሰው ገላ ያህል ወደሚሞቅ ሣጥን እመልሰውና በየጊዜው እያወጣሁ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ዳር ላይ ያሉት ሴሎች ጎናቸው ባዶ መሆኑን ያውቃሉ። ጎረቤታቸውን የያዙበትን ያላላሉ፣ ከፊት ወለሉን ይጨብጣሉ፣ ከኋላ ይለቃሉ፣ ወደፊት ይሳባሉ። ጭርሱን ግን አይለያዩም፤ ከኋላ ያሉትን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ከወዲህና ከወዲያ መጥተው መሃል ላይ ሲገናኙ ይቆማሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ባየሁት ቁጥር አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

ያዝ፣ ልቀቅ የሚላቸው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት የሰውነት ሠራተኛ ነው በይው፤ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሥራ የሚያውቅ። አንዱ ሴሎቹ የተያያዙበት ላይ ትንሽ ምልክት ይለጥፋል፣ መያዣው ይላላል። ሌላው መጥቶ ምልክቱን ያነሳል፣ መያዣው ይጠብቃል። መቀስ የሆኑም አሉ፤ ከፊት የሚዘጋውን እየቆረጡ መንገድ ይከፍታሉ። መቀሱን በመድኃኒት ሳቆመው ሴሎቹ ጫፉ ላይ ተገትረው ይቀራሉ። መቀሱ ሲበዛ ደግሞ የሚጨብጡትን ወለል ራሱን ይቆራርጥባቸዋል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በዚህ በሁለተኛው ነው። መቀሱ ይበዛል፣ የሚገታው ያንሳል። የአባዬ ቁስል ጠርዝ ላይ የቆሙት ሴሎች ሰንፈው አይመስለኝም፤ የሚረግጡት አጥተው ነው።

ስለ አንቺም ልናገር፣ ዛሬ ካልተናገርኩት አልናገረውም። አንቺን የወሰደብን የዚህ ግልባጭ ነበር። ጡትሽ ውስጥ የነበሩ ሴሎች ሂዱ ሳይባሉ ጎረቤታቸውን ለቀቁ፤ በዚያው በመቀሱ መንገድ እየከፈቱ ጉበትሽ ድረስ ሄዱ። አልጋሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እጅሽን ይዤ፣ በልቤ ባላችሁበት ቁሙ፣ እባካችሁ ቁሙ እያልኩ እለምናቸው ነበር። አሁን ደግሞ አባዬ እግር ሥር ተንበርክኬ ሂዱ እላቸዋለሁ። ያኔም አልሰሙኝም። ይህን ሳስብ ሥራ ላይ ከሆንኩ ያለሁበትን አቁሜ ውጭ ወጥቼ እመለሳለሁ።

የሚያክመው ክሊኒክ ቤቴል ነው። ከአየር ጤና ታክሲ ቀይረን እንሄዳለን፣ አባዬ በክራንች፣ እኔ ከኋላው እንደ ዶሮ እየተንጫጫሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የሞተውን ሥጋ ጠርጋ፣ ርጥበት የሚይዝ መሸፈኛ አድርጋ አሠረችለት። ትእዛዟ አጭር ነበር፦ እንዳይረገጥ፣ እንዳይከፈት፣ እንዳይደርቅ። እሱ በመጨረሻው ላይ ፊቱን ሲያጨፈግግ አይታ «አባባ፣ ይርጠብ አላልኩም፤ አይድረቅ ነው ያልኩት» አለችው። ሁለት ሳምንት ቆይተን ስንመለስ ጠርዙ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ቀዶ ሐኪም እንደምትልከው ነገረችን። ጣት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል አለች። አባዬ የተናገረችው ለሌላ ሰው ይመስል ጣሪያውን አየ።

መድኃኒት እስክንቀበል ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሰው ነበር። የሱሪውን ባዶ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። አባዬን ታውቂው የለ፣ ስፌት ካየ ዝም አይልም። «ወንድሜ፣ ይሄ ቁልፍ አንድ ቀን ይወጋሃል። አምጣልኝና አሳጥሬ በደንብ እሰፋልሃለሁ» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ «የግራውን ብቻ ነው ታዲያ፣ ጋሼ» አለ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ በታክሲ እስከ አየር ጤና ተመለስን። ስንወርድ ክራንቹን ሳቀብለው «የሱ የግራው ነው፤ የኔ የቀኙ ነው» አለኝ። መኪናውን የሚረግጠው በቀኙ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። የኮልፌን ልጆች ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረው በዚያ እግር ነው።

ከዚያ በኋላማ ይጠነቀቃል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሴሎቹን ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ ሳዛውር ስልኬ ጠራ። ለማዛወር መጀመሪያ ከወለሉ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ለዚያም ከመቀሶቹ አንዱን፣ ትራይፕሲን የሚባለውን ኢንዛይም እናፈስባቸዋለን። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከቆየባቸው ሴሎቹን ራሳቸውን ይጎዳል፣ ስለዚህ ዓይንን ከሳህኑ ሳይነቅሉ ነው የሚሠራው። የደወሉት እትዬ ዘነበች ነበሩ። «ልጄ፣ አባትሽ ፋሻውን ፈትቶ እግሩን ለፀሐይ ሰጥቶታል። ዝንብ እየጠገበ ነው። እኔ ብናገር አይሰማኝም፣ አንቺ ንገሪው» አሉኝ። አባዬን አገናኙልኝ፤ በስልክ ጮህኩበት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ ሳህኑ ስመለስ ጊዜው አልፏል። ሴሎቹ ተጓጉለው እንደ ዝቃጭ ይንሳፈፋሉ። የሳምንት ሥራ ደፋሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያዘንኩት ለሥራው አልነበረም። ሳህኑ ውስጥ የአባዬን እግር ያየሁ መሰለኝ።

ቤት ስገባ ፋሻውን ራሱ መልሶ ጠምጥሞት ነበር፣ ተንጋዶ። ለምን እንደፈታው ስጠይቀው ሳይቆጣ፣ የታወቀ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው «እናትሽ ያለችውን ነው የማደርገው» አለኝ።

ያልሽውንማ እኔም አውቀዋለሁ። «ክፈተው፣ ነፋስ ይምታው» ነበር ያንቺ ሕግ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ጠጠር መንገዱ ላይ ወድቄ ጉልበቴን የላጥኩ ጊዜ በር ላይ አስቀምጠሽኝ፣ ቀሚሴን ሰብስበሽ፣ በነጠላሽ ጫፍ ዝንብ እየከለከልሽ ፀሐይ አስመታሽው። ቅርፊት እስኪሠራ እንዳልነካው እጄን ይዘሽ ታጫውቺኝ ነበር። ስለ ሰፈሩ ሰው የምታውቂውን ሁሉ የነገርሽኝ ያን ቀን ይመስለኛል፤ ግማሹን ዛሬ ሳስበው ለልጅ የሚነገር አልነበረም።

የአባዬ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ገና እንደተጋባችሁ አውራ ጣቱን በመቀስ ቆርጦ በእራፊ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰነበተ፣ ጣቱ አብጦ ሸተተ። አንቺ እራፊውን ፈትተሽ ወረወርሽው፣ በጨው ውሃ አጠብሽው፣ በር ላይ አስቀምጠሽ ነፋስ አስመታሽው። ዳነ። ይህን ለሰው ሲያወራ ጣቱን አውጥቶ ያሳያል፣ አሁንም ያሳያል። ጣቱን አንቺ ሰጠሽው፣ እግሩን ላንቺ ቃል አምኖ ሰጠ፤ በእሱ ቤት ሂሳቡ ይሄ ነው።

እኔ ስገምት ያን ጊዜ ጣቱን ያዳነው ነፋሱ አይደለም፤ የቆሸሸውን እራፊ መጣልሽና እጥበትሽ ነው። የእኔም ጉልበት የልጅ ጉልበት ነው፣ ምንም ብታደርጊው ይድናል። ሴሎች በደረቀ ነገር ላይ መሳብ አይችሉም፤ ቅርፊት ሲሆንባቸው ከሥሩ እየቦረቦሩ ነው የሚያልፉት፣ ለጤነኛ ሰው ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ያልፋሉ። ለአባዬ ግን ያ ጊዜ የለውም። ይህን ሁሉ ቀስ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ደክሞኝ፣ ፈርቼ፣ ፋሻውን እንደያዝኩ «እማዬ ተሳስታለች» አልኩ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት እንደዚያ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። አባዬ በእጁ ይሰፋው የነበረውን ልብስ አስቀመጠ፣ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እራት አልበላም አለ። በማግስቱም ሰላምታዬን በራሱ ንቅናቄ ብቻ መለሰ። ምነው እግሩን ሳይሆን ምላሴን በቆረጡት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ላብራቶሪ ሄጄ ሁለት ሳህን አዘጋጀሁ። ሁለቱንም ጫርኳቸው። አንዱን በሚገባው ፈሳሽ ውስጥ ተውኩት፤ የሌላውን ፈሳሽ አፍስሼ ክዳኑን ከፍቼ ነፋስ አስመታሁት፣ እንዳልሽው። ይህን ያየ ባልደረባዬ ምን እየመረመርኩ እንደሆነ ቢጠይቀኝ የእናቴን ቃል ልለው አልቻልኩም። ስልኬን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኜ ሁለቱንም ቀረጽኩና ለአባዬ ይዤለት መጣሁ። መነጽሩን አድርጎ ስልኩን እንደ ጨርቅ ወደ ብርሃን አዞረው። የሚሄዱትን ሲያይ ቆየና «ስፌቱን ፈተው አይደለም፣ አላልተው ነው የሚሄዱት። ጠቦ የመጣ ልብስ ስናሰፋ እንደምናደርገው ነው በይኛ» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያላናገረኝ አባቴ! ማልቀስ ዳዳኝ። የደረቀውን ሳህን ሳሳየው ግን አንዲት ሴል አትነቃነቅም። ለምን ቆሙ አለኝ። ሞተው ነው አልኩት። ስልኩን መለሰልኝና መነጽሩን ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

ገብቶታል፣ እማዬ፣ ግን ገብቶትም አልቻለም። «እሷ ሳትሰማ እኔ ቃሏን አልሽርም» አለ። «ጻፊላት። ጽፈሽ እስክትጨርሺ አልከፍተውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅም።»

ያዘዘኝ እሱ ነው። ስለዚህ አሁን የምሠራውን ሥራ እወቂልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እያስረዘምኩት ነው። ማታ ማታ «ጨረስሽ?» ይለኛል፣ «ገና ነው» እለዋለሁ፣ እሱም እግሩን ከነፋሻው ትራስ ላይ ሰቅሎ ይተኛል። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ መጋረጃው የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ነገር ካለቀብኝ ደግሞ የማወራው አላጣም። እትዬ ዘነበች አዲስ ጥርስ አስተክለዋል፣ ሲስቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ማድረግ ትተዋል። በር ላይ የተከልሽው ጤና አዳም በክረምቱ በሰበሰ ብለን ስንተወው መልሶ አቆጠቆጠ። አንቺ ትወጅው የነበረው ሰማያዊ ሹራብሽ አልጋዬ ላይ ነው፤ ሽታሽ ከላዩ እንዳይጠፋ አላጥበውም፣ ጠፍቷል መሰለኝ።

ፍርሃቴን ብቻ ነው የማልነግረው። ለእሱ አይነገርም፣ ላንቺ ግን ልንገርሽ። ባይሠራስ? ሴሎቹ ሳህን ላይ ሄዱ ማለት እግር ላይ ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ሳህኑ ስኳር የለበትም፣ ዕድሜ የለበትም፣ ሀዘን የለበትም። ነገ ሁለት ሳምንቱ ሞልቶ መሸፈኛው ሲነሳ ጠርዙ ባለበት ቢገኝ፣ ቃልሽን ያስሻርኩት እኔ ነኝ። ያኔ አባዬ እግሩን አጥቶ ብቻ አይበቃም። ሚስቴን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እያለ የቀረ ዕድሜውን ይኖራል፤ አይናገረኝም፣ እኔ ግን ፊቱ ላይ አነበዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ካልሆነ በእኔ ፍረጂ፣ በእሱ አትፍረጂ። እሱ እስከ መጨረሻው ያንቺ ነው።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ። የሚከተለውን የምጽፍልሽ ከክሊኒክ ተመልሰን ነው።

ጠዋት በታክሲ ሄድን። ሐኪሟ መሸፈኛውን በውሃ እያለሰለሰች ስታነሳ አባዬ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔ መጨፈን አልቻልኩም፣ ማየትም አልቻልኩም፣ ጓንት ያደረገ እጇን ብቻ አየሁ። እጇ ቆመ። መለኪያዋን አስጠጋች፣ ካለፈው ጋር አስተያየች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ በጣቷ ጫፍ አሳየችኝ። ያ የተጠቀለለ ነጭ ጠርዝ ተፈትቷል። በዙሪያው፣ የሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ የመሰለ ስስ ሮዝ ቆዳ ወደ መሃል ገብቷል። ወርዱ ከክር አይበልጥም። «መጥቷል» አለች። «ገና ነው፣ ግን መጥቷል። ቀዶ ሐኪሙን ለጊዜው እንተወው።»

አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ ምን አለች አለኝ። ነገርኩት። እንደገና አሠረችለትና በሁለት ሳምንት እንድንመለስ ነገረችን። ስለዚህ አልዳነም፣ ደስ ብሎሽ እንዳታበቂ። ነገ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ እኔም ነገ ጠዋት ማሽተቴን አልተውም።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘነበች ሳያንኳኩ ገቡ። እንዴት ሆነ፣ ምን አሏችሁ እያሉ ቁጭ ሳይሉ ጠየቁ። አባዬ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የታሠረውን እግሩን ትራስ ላይ አደላድሎ «እየመጣ ነው» አላቸው። «ቁስል መሸፈን አለበት እኮ። ባለቤቴ ድሮም ትለኝ የነበረው ይሄንኑ ነው። አትክፈተው፣ ሸፍነው ትል ነበር።»

እትዬ ዘነበች አፋቸውን ከፈቱ። ብዙ ዓመት ጎረቤትሽ ሆነው የኖሩ ሴት ናቸው፤ «ክፈተው» ስትይ ከአጥር ወዲያ ሆነው ስንቴ ሰምተውሻል፤ የራሳቸውንም ልጆች እንዲያ እያልሽ አሳድገሽላቸዋል። አባዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው። «አዎ፣ ትል ነበር። እኔም ሰምቻታለሁ» አሉና ቀጥ ብለው ወጡ። ከበሩ ውጭ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ በመስኮቱ አየኋቸው።

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና፣ መሳቄ ይሁን ማልቀሴ ሳይለይልኝ ቆየሁ። አባዬ ከወዲያ ሆኖ «ደብዳቤው አለቀ?» ብሎ ተጣራ። አልቋል አልኩት።

ስለዚህ እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቁስል ሸፍኑ ያልሽው አንቺ ነሽ። ለሚመጣ ለሚሄደው እንዲያ ብሎ ይነግራል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ያልሽውን ግን እኔ አስታውሰዋለሁ። «ክፈተው፣ ነፋስ ይምታው» ነበር ያልሽው። ድምፅሽ እንዴት እንደነበር፣ «ነፋስ» ስትይ ጉልበቴ ላይ እፍ ትዪበት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ለአባዬ ግን አልነግረውም።

ልጅሽ